ሮቦት አይደለሁም

ስሜ አንሴልሞ ነው፤ ሥራዬ ጥገና፣
ፖርቶ ዳገቱ ላይ፣ የቆየ ግድግዳ ማቃና።
መርከብ አለች ከአንድ ቤት ፊት፣ በሰማንያ አራት ካሬ
የተሳለች፣ ሰማያዊ፤ አንዷ ሴራሚክ ስትወድቅ፣ ጎረቤቶቿን መርምሬ፣
የሸራው ጠርዝ፣ የገመዱ ጭራ፣ እስከ ፀጉር ቅጥነት፣
ከየትኛዋ ወደ የትኛዋ እንደሚሻገር ዐውቃለሁ። ይኸው ነው የኔ ዕውቀት።

ሌላው አይሆንልኝም።
የስልክ ጩኸት፣ የአውቶቡስ ፌርማታው ማስታወቂያ ብልጭታ፣
የሱፐርማርኬቱ ነጭ መብራት የማያቋርጥ ሹክሹክታ።
(መብራት ድምፅ አለው፤ ትሰማላችሁ?
አትሰሙም። ታድላችሁ።)
ባለፈው የሒሳብ መክፈያዋ ማሽን «ያልታወቀ ዕቃ!» ብላ ጮኸችብኝ፣
ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤
ሎሚዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ድሮ በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ኤርሜሊንዳ ነበረች፤
ዓይኔን ካላየሁት ብላ አንድም ቀን ያልታገለች።
ወረቀቴን ትቀበላለች፣ ማኅተሟን ዱብ ታደርጋለች፣
«ጨርሰናል» ትላለች።
ዝምታዋ ልኬ ነበር፣ እንደ አሮጌ ጫማ።
ካቻምና መስኮቷን በጣውላ ደፈኑት፤ ለማንም ሳይሰማ፣
«ሁሉም በኢንተርኔት ሆኗል፤ ይቀልዎታል» የሚል ወረቀት ለጠፉ።
ይቀልዎታል!
ዐሥራ አንድ ጊዜ የይለፍ ቃል ቀየርኩ፤
ስድስት ጊዜ ረሳኝ። እኔ አልረሳሁትም።

በአርባ ዓመቴ ስም ያወጣልኝ ሐኪም
«ኦቲዝም» ብሎ ጽፎ፣ «ድጋፍ ይገባሃል፤ አመልክት፣ ግድ የለም»
ብሎኝ ነበርና ቅጹን ሞላሁ። ዘጠኝ ገጽ። አንድ ነቁጥ አልሳትኩም።
ከግርጌው ትንሽ ሳጥን ቆማ ጠበቀችኝ፤ «ሮቦት አይደለሁም»።

ነካኋት። ፎቶ መጣ፤ መንገድ ነው፣ በዐሥራ ስድስት ካሬ የሚከፈል፤
«የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ይምረጡ።»
ሳቅኩ። በካሬ ከመጣችሁማ፣ ማን እኔን ሊያህል!
ሦስተኛዋ ላይ ቀዩ አለ፣ ሰባተኛዋ ላይ አረንጓዴው፤
ዐሥራ አንደኛዋ ጥግ ላይ ግን፣ የጥፍር ስባሪ የሚያህል፣ የመብራቱ ቆብ ጫፍ ነው።
እሷንስ ትቼ እንዴት ልለፍ?
ምሰሶውስ? መብራት ያለ ምሰሶ አየር ላይ ሊያርፍ?
ጨመርኩት። «እንደገና ይሞክሩ።»
ቀነስኩት። «እንደገና ይሞክሩ።»
ዳቦ ቤቱ መስታወት ላይ የገረጣ ቀይ ነጥብም አገኘሁ፤
ነጸብራቅ መብራት ነው? አይደለም? አንድ ሰዓት ከሩብ ተሟገትሁ።
«ጊዜዎ አልቋል።»

እህቴ ግራሲንዳ ከች አለች፤ ካፖርቷ ግማሹ ወልቆ፣
ስልኳ በጉንጯና በትከሻዋ መሃል ተጣብቆ፣
ከአለቃዋ ጋር እያወራች፣ ቆቡን ሳታይ፣ ምሰሶውን ሳታይ፣
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ አለፈች። አረንጓዴ ምልክት በራ ኮምፒውተሩ ላይ።
በኔ ስም ሰው ሆነችልኝ።
«አየህ አይደል? ብዙ አታስብ» አለችኝ፤
ትከሻዬን ልትነካ እጇን ሰድዳ፣ ትዝ ሲላት መለሰችልኝ።

ማታ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ማመልከቻዎ ገብቷል።
ይህ መልእክት በማሽን የተላከ ነው፤ መልስ አይጻፉበት» ይላል።
ማሽኑስ ማሽን ነኝ ሲል፣ ምስክር ማን ጠየቀው?
ሰው ነኝ ያለውን ብቻ ነው፣ በሥዕል የሚፈትነው?

ጠዋት መሰላሌ ላይ ወጣሁ። ከወንዙ ጉም ይነሣል።
ኮንትራክተሩ ታብሌቱን ታቅፎ፣ ከታች «ቶሎ በል» ይላል።
የጎደለችው አርባ ሁለተኛዋ ናት።
ጥጓ ላይ የገመድ ጭራ አለች፣ ከሽንብራ የማትበልጥ፤
አላፊ አግዳሚው ቢወጣ ቢወርድ፣ ልብ የሚላት የለም።
ብሩሼን አሾልኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣
ቀባኋት።
ማንም ይምረጡ አላለኝም።